ሰው ላይ ሳይሞክሩ «ይጎዳል» የሚሉት በምን አውቀው ነው? ስለ ማይክሮፕላስቲክ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ማይክሮፕላስቲክ (ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት) ሰው ደም ስር ውስጥ ተገኘ፣ ሃርት አታክና ስትሮክ ያመጣል የሚል ዜና አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ደግሞ ላብራቶሪው ራሱ በፕላስቲክ የተበከለ ነው አለ። ሰው ላይ ሞክረው ነው ያወቁት? ካልሞከሩስ በምን አወቁ? ነገ ደግሞ ይቀይሩታል። የቱን ልመን? ደሜንስ ልመርመር?»

ሰው ላይ አልሞከሩም ወዳጄ። አይሞከርምም። መድሃኒት ሲሆን ግማሹን ሰው እውነተኛውን ክኒን ትሰጠዋለህ፣ ግማሹን የማስመሰያ ክኒን ትሰጠዋለህ፣ ማን የቱን እንደወሰደ ሳይታወቅ ትከታተልና ልዩነቱን ታያለህ። መርዝ ነው ብለህ የምትጠረጥረውን ነገር ግን ለግማሹ ሰው አስር አመት አብላ ብሎ የሚፈቅድልህ የለም፣ እንኳንም አልኖረ። ስለዚህ እንደኔ አይነቱ የአካባቢ ጤና ላይ የሚሰራ ኤፒዲሚዮሎጂስት ስራው ምን መሰለህ፣ ኑሮ ራሱ ሳያስፈቅድ የሞከረባቸውን ሰዎች ፈልጎ አግኝቶ መቁጠር ነው። ፋብሪካ አጠገብ የኖረና ያልኖረ፣ ያን ውሃ የጠጣና ያልጠጣ። ችግሩ ኑሮ ሙከራውን እንደ ላብራቶሪ አጽድቶ አይሰራልህም፣ ፋብሪካው አጠገብ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ድሃው ነው፣ ሃኪም ጋር ዘግይቶ የሚደርሰውም እሱ ነው፣ ታዲያ የታመመው በጭሱ ነው በድህነቱ? የሙያችን ጭቅጭቅ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይቺው ጥያቄ ናት።

አሁን ወደ ዜናህ። መነሻው በ2024 የወጣው የጣልያኖቹ ጥናት ነው (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንገት ላይ ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው ቧንቧ በስብ ጠቦባቸው ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች ናቸው፣ ሃኪሞቹ ያወጡትን የስብ ግግር ላብራቶሪ ልከው ውስጡ ፕላስቲክ አለ ወይ ብለው አስመረመሩት። እስከመጨረሻው ክትትል ከተደረገላቸው 257 ሰዎች 150ዎቹ ላይ ፖሊኢትሊን ተገኘ፣ የፌስታሉ ፕላስቲክ ማለት ነው። ከዛ ወደ ሶስት አመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲከታተሏቸው ፕላስቲክ ከተገኘባቸው 150ዎቹ ውስጥ 30፣ ካልተገኘባቸው 107ቱ ውስጥ ደግሞ 8 ሰዎች ሃርት አታክ ወይ ስትሮክ ያዛቸው ወይ ሞቱ። እድሜውን፣ ሌላውን በሽታ፣ ምኑን ምኑን አስተካክለው ሲያሰሉት አደጋው አራት ተኩል እጥፍ ሆኖ ወጣ፣ ዜናውም ያቺን 4.5 ይዞ ሮጠ።

እኔ መጀመሪያ አይኔ የገባው 4.5 ሳይሆን 38 ነው፣ 30 ሲደመር 8። ወሬው በሙሉ የቆመው 38 ሰው ላይ ነው፣ ጥቂት ሰዎች ወዲህ ወይ ወዲያ ቢዞሩ ያ እጥፉ በጣም ይዋዥቃል። ሁለተኛ፣ ፕላስቲክ ከተገኘባቸው መሃል የሚያጨሱትና ስኳር ያለባቸው በዛ ይላሉ። ተመራማሪዎቹ ይሄን በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል፣ ጥናቱ ፕላስቲኩ ምክንያት መሆኑን እንደማያረጋግጥም ራሳቸው ጽፈዋል (ይሄን ዜናው ዘለለው)፣ ግን ስሌት የሚያስተካክልልህ የለካኸውን ነገር ብቻ ነው፣ ያልለካኸው ተደብቆ ጥፋቱን ፕላስቲኩ ላይ ሊያላክክ ይችላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው በኛ ሙያ ቋንቋ ኮንፋውንዲንግ ይባላል። ሶስተኛ ነገሩ ተገልብጦም ሊሆን ይችላል፣ ክፉኛ የተጎዳ ደም ስር ራሱ በደም የሚዞረውን ቅንጣት የበለጠ ይይዝ ይሆናላ። እንደዛ ከሆነ ፕላስቲኩ የበሽታው አባት ሳይሆን ምልክቱ ነው።

እንዲህ አይነት ነገር የዋዛ እንዳይመስልህ። በ1981 ቡና የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ያመጣል የሚል ጥናት በትልቅ ጆርናል ወጥቶ አለምን አነጋግሮ ነበር፣ የሰሩትም ጀማሪዎች አልነበሩም። በኋላ ሲታይ ስህተቱ ታማሚዎቹ ጋር ሳይሆን ለማወዳደሪያ የተመረጡት ሰዎች ጋር ነበር። ከነዛ ውስጥ ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ችግር ያለባቸው የነዛው ሃኪሞች ታካሚዎች ናቸው፣ ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቡና ይቀንሳል። ስለዚህ የካንሰር ታማሚዎቹ ቡና ያበዙ መሰሉ እንጂ ሌሎቹ ናቸው የቀነሱት! ሌሎች ሰዎች ደግመው ሲሰሩት ግንኙነቱ ጠፋ። ለዚህ ነው ነጠላ ጥናት ሲወራልኝ «ከማን ጋር ነው ያወዳደሩት?» የምለው፣ ጓደኞቼ ሰልችቷቸዋል።

ሁለተኛው ዜናህ፣ የላብራቶሪ ብክለት ያለው፣ እሱም ውሸት አይደለም። ፕላስቲክ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ጓንቱ ላይ አለ፣ ናሙናው የሚቀመጥበት ቱቦ ላይ አለ፣ አየሩ ላይ ራሱ ይበናል። በዛ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለካው ናሙናውን በከፍተኛ ሙቀት ሰባብሮ የሚወጣውን ጋዝ በማሽን በመለየት ነው፣ ጣጣው ደግሞ የሰውነት ስብ ሲሰባበር ከፖሊኢትሊን ስባሪ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይሰጣል። የደም ስር ግግር ደግሞ ያው ስብ ነው። ስቡን በደንብ ሳታስወግድ ከለካህ ማሽኑ ስብን ፕላስቲክ ነው ሊልህ ይችላል። ስለዚህ «ይሄን ያህል ተገኘ» የሚለው ቁጥር ላይ ጥርጣሬ ማንሳት ተገቢ ነው።

ግን እዚህ ጋር አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ስለ ፕላስቲኩ ሳስብ ሁሌ ወደዛ ነው የምመለሰው። የእርሳስ ታሪክ ነው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፣ እሱ ግራፋይት ነው፣ ብረቱን፣ ሊድ የሚባለውን ነው። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር ቤንዚን ውስጥ የሊድ ውህድ ሲጨመር የሞተሩ መንኳኳት እንደሚጠፋ አገኘ፣ ከሁለት አመት በኋላ ገበያ ላይ ዋለ። በ1924 እቃውን የሚያመርቱ ሰራተኞች አእምሯቸው ተቃውሶ ሞቱ። ታዲያ ኢንዱስትሪው ምን አለ፣ የሞቱት በጣም ብዙ ስለነካቸው ነው፣ ከመኪና ጭስ የሚወጣው ግን ትንሽ ነው፣ ሊድ ደግሞ ድሮም በተፈጥሮ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ይጎዳል የምትል ማስረጃውን አምጣ። የኢንዱስትሪው ዋና ሳይንቲስት ሮበርት ኪሆ ይሄን ክርክር አስርት አመታት ሙሉ ይዞት ቆየ፣ አብዛኛውን ምርምር የሚሰራውም እሱ ስለነበር የሚያስተባብል አልነበረም።

ያፈረሰው ሰው ሃኪም እንኳ አልነበረም። ክሌር ፓተርሰን የሚባል የጂኦኬሚስትሪ ሰው ነው፣ የመሬትን እድሜ ሊለካ ነው የተነሳው፣ ሊድን በጣም ጥቃቅን በሆነ መጠን መለካት ነበረበት፣ ግን የሚለካው ሁሉ ይበላሽበታል። ላብራቶሪው በሊድ የተበከለ ነው! ውሃው፣ አቧራው፣ ልብሱ፣ የራሱ ጸጉር ሳይቀር። አመታት ፈጅቶ በጣም ንጹህ ክፍል ሰራና በ1956 መሬት ወደ 4.55 ቢሊዮን አመት እንደሆናት አወጀ፣ ያ ቁጥር እስካሁን አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋር እፎይ ብሎ ያቆም ነበር። እሱ ግን ያ ያስቸገረኝ ሊድ ከየት መጣ ብሎ ዞረ። በ1965 በጻፈው ጽሁፍ የዘመኑ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ሊድ በተፈጥሮ ሊኖር ከሚገባው ወደ መቶ እጥፍ ነው አለ። ኪሆ «የተለመደ» ሲል የነበረው እኮ ሁሉም ሰው የተመረዘበትን መጠን ነው። ማወዳደሪያ የሚሆን ንጹህ ሰው ስለጠፋ መመረዙ ጤና መሰለ።

አየህ ነገሩን? ፓተርሰን ጋር የላብራቶሪው ብክለት መጀመሪያ ስህተት ነበር፣ በኋላ ግን ራሱ ግኝቱ ሆነ። የፕላስቲኩም እንደዛ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ማሽኑ ስብን ፕላስቲክ ብሎ ከሆነ እሱ ስህተት ነው በቃ። ግን ላብራቶሪውን ማጽዳት ይሄን ያህል የከበደው ለምንድነው ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሃል። ሌላው ከእርሳሱ ጋር የሚያመሳስለው ንጹህ ሰው መጥፋቱ ነው፣ ፕላስቲክ ጭራሽ ያልደረሰበትን ሰው ከየት ታመጣለህ? ስለዚህ ያለውና የሌለው እያልክ ሳይሆን ብዙ ያለውንና ትንሽ ያለውን ነው የምታወዳድረው፣ ለዛ ደግሞ ልኬትህ አስተማማኝ መሆን አለበት። እኛ የተያዝነው እዛ ላይ ነው።

የሊዱን ልጨርስልህ። ብዙ አለ ማለት ይጎዳል ማለት አይደለም፣ ጉዳቱን ማሳየት ሌላ ስራ ነው። ደም ውስጥ ያለ ሊድ የቅርብ ጊዜውን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ አጥንትና ጥርስ ግን እንደ ካልሲየም ቆጥረው ያስቀምጡታል። ኸርበርት ኒድልማን የሚባል የልጆች ሃኪም ይሄን ተጠቅሞ ቦስተን አጠገብ ያሉ የአንደኛና ሁለተኛ ክፍል ልጆች የወለቀ የወተት ጥርሳቸውን እንዲያመጡ አደረገ። ምንም የህመም ምልክት የሌለባቸው ልጆች ናቸው። በ1979 ባወጣው ጥናት ጥርሳቸው ላይ ብዙ ሊድ ያላቸው ልጆች በአይኪው (የማሰብ ችሎታ) ፈተና በአማካይ አራት ነጥብ ገደማ ዝቅ አሉ፣ መምህራኖቻቸውም የሊዱን መጠን ሳያውቁ ትኩረት የሌላቸው ብለው መዝግበዋቸዋል። ክርክሩ ምን ሆነ መሰለህ፣ ያው የድህነቱ ነው፣ ድሃ ቤት ሊድ ያለበት ቀለሙ የተላላጠ ነው፣ ልጁም ትምህርቱ ላይ ደካማ ይሆናል። የእናትን አይኪው ሳይቀር አስተካክሎ ነበር፣ ቢሆንም በ1991 ጥናቱን አጭበርብሯል ተብሎ ተከሰሰ፣ ተመረመረ፣ ነጻ ወጣ።

እኔን ግን ከጥርሱ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ከ1976 እስከ 1980 በአጋጣሚ የህዝቡን ደም የሚመረምር አገር አቀፍ ጥናት እየተካሄደ ነበር፣ በዛው ጊዜ ደግሞ ቤንዚን ውስጥ ያለው ሊድ እየተቀነሰ ነው። በነዛ አራት አመታት የሰው ደም ውስጥ ያለው ሊድ በአማካይ 37 በመቶ ወረደ፣ የቤንዚኑ ግራፍና የደሙ ግራፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደ መንታ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ድህነት በአራት አመት 37 በመቶ አልቀነሰ! ምንጩን ስታነሳ ውጤቱ ከቀነሰ ያ ለኛ ከክኒን ሙከራ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ከዛ በኋላ ለልጆች «አሳሳቢ» የሚባለው መጠን እየወረደ መጣ፣ በስልሳዎቹ በዴሲ ሊትር ደም 60 ማይክሮግራም የነበረው በ1991 10 ሆነ፣ በ2012 5፣ በ2021 3.5። በዛው በ2021 ነው አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ሊድ ያለበት የመኪና ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው። ከሰራተኞቹ ሞት ስትቆጥር መቶ አመት ሊሞላ ሶስት አመት ሲቀረው።

እንዲህ አይነት «ምንጩ ሲነሳስ?» የሚል አጋጣሚ እኛ እንደ ሎተሪ ነው የምንጠብቀው። አሜሪካ ዩታ ውስጥ አንድ የብረት ፋብሪካ በ1986 ተዘግቶ በ1987 ተመልሶ ተከፈተ፣ ምክንያቱ የሰራተኛና የአሰሪ ጉዳይ ነው፣ ከጤና ጋር አይገናኝም። አርደን ፖፕ የሚባል ኢኮኖሚስት (አዎ ኢኮኖሚስት) የሆስፒታሎቹን መዝገብ ሲያይ ፋብሪካው በሚሰራባቸው ክረምቶች በብሮንካይትስና በአስም የሚተኙ ልጆች ከተዘጋበት ክረምት ሁለት ሶስት እጥፍ ነበሩ። በኋላ ያኔ አየሩ ላይ ከተሰበሰበው ብናኝ ማጣሪያዎቹ ላይ የቀረውን አውጥተው ሲመረምሩት ፋብሪካው ሲሰራ የነበረው ሳንባን የበለጠ ያስቆጣል። አንድ መንደር፣ ያው ሰው፣ ያው ድህነት፣ የተቀየረው ጭሱ ብቻ።

«ነገ ደግሞ ይቀይሩታል» ላልከው፣ አዎ ይቀይሩታል፣ መቀየርም አለበት፣ ግን ምኑን እንደሚቀይሩ ማየት ነው። የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን በ1990 የሚያጨስ ድንጋይ ከሰል ሽያጭ ከለከለች፣ የአየሩ ጥቁር ጭስ ወደ 70 በመቶ ቀነሰ። በ2002 የወጣ ጥናት በመተንፈሻ በሽታም በልብ በሽታም የሚሞተው ሰው ቀነሰ አለ። ከአስር አመት በኋላ ከራሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች የነበሩበት ቡድን እንደገና ሲያሰላው የልቡ ቅናሽ በክልከላው ሳይሆን የልብ ሞት ድሮም በየቦታው እየቀነሰ ስለነበር ነው ብሎ ያንን አነሳው፣ የመተንፈሻው ግን ቀረ። የራሳቸውን ጥሩ ዜና ራሳቸው ናቸው ያሳነሱት። ባንጻሩ የስድስቱ ከተሞች ጥናት የሚባለው አለ፣ 8,111 አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 አመት ተከታትሎ በ1993 የወጣ፣ ደቃቅ ብናኝ የበዛበት ከተማ የሚኖሩት ንጹህ ከሆነው ከተማ ይልቅ የመሞት እድላቸው በ26 በመቶ ይበልጣል ያለ። ኢንዱስትሪው አላምንም ዳታውን አምጡ አለ፣ ገለልተኛ ቡድን ከሀ እስከ ፐ ደግሞ ሰራው፣ በ2000 ያው መልስ ወጣ። ልብ በል፣ 26 በመቶ ነው፣ አራት ተኩል እጥፍ አይደለም። የአየር ብክለት በአመት ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ይገድላል የሚለው የአለም ጤና ድርጅት ግምት የቆመው እንደዚህ አይነት «ትንንሽ» ቁጥሮች ላይ ነው፣ አየሩን ሁሉም ሰው ስለሚተነፍሰው።

እንግዲህ ፕላስቲኩ እዚህ መንገድ ላይ የት ነው ያለው? እንደኔ ግምት ሊዱ በስልሳዎቹ አጋማሽ ከነበረበት ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ። በየቦታው እንዳለ እናውቃለን። ከበሽታ ጋር አብሮ የታየበት አንድ ጠንካራ ግን ትንሽ ጥናት አለ፣ አይጥና ሴል ላይ የተሰሩ ብዙ አሉ፣ እነሱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፣ አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ከአምራች የሚገዛ ድቡልቡል የፖሊስታይሪን ፍሬ ነው፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ሰው ከሚያገኘው በላይ ነው፣ እኛ የምንውጠውና የምንተነፍሰው ግን የተቆራረጠ፣ ቅርጽ የሌለው፣ ቀለምና ማለስለሻ ኬሚካል ያለበት ነገር ነው። የሚጎድለው ጤነኛ ሰዎችን ሳይታመሙ በፊት ለክቶ አመታት መከታተል፣ ያንኑ ናሙና የተለያዩ ላብራቶሪዎች ለክተው አንድ መልስ ማምጣታቸው፣ መጠኑ ሲጨምር በሽታውም ደረጃ በደረጃ መጨመሩ ነው።

የቱን ልመን ላልከው ሁለቱንም እመን፣ እርስ በርስ አይጣሉም። አንደኛው ግንኙነት አየሁ ነው ያለው፣ ሁለተኛው ሜትርህ አስተማማኝ አይደለም ነው ያለው። የሳተው «አልተረጋገጠም» የሚለውን ሰምቶ «አይጎዳም» ብሎ የተረጎመውና «አብሮ ታየ» የሚለውን ሰምቶ «ገደለ» ብሎ የጻፈው ነው። ኪሆ የመጀመሪያውን አይነት ስህተት ተሸክሞ ስንት አመት እንደሄደ ከላይ አይተኸዋል።

እኔ ራሴ ምን አደርጋለሁ? ትኩስ ነገር ፕላስቲክ ውስጥ አልጨምርም፣ ማይክሮዌቭም በፕላስቲክ አላሞቅም። በ2020 የወጣ ጥናት ከፖሊፕሮፒሊን የተሰራ የህጻን ጡጦ በአንድ ሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ቅንጣት ሊለቅ እንደሚችልና ውሃው በሞቀ ቁጥር እንደሚጨምር አሳይቷል፣ መስታወት ላይ ገልብጦ ማቀዝቀዝ ምንም አያስከፍለኝም። ከዛ ያለፈ ጭንቀት የለኝም፣ የምታጨስ ከሆነ ወይ ደም ግፊትህን ተለክተህ የማታውቅ ከሆነ ከፕላስቲኩ በፊት እሱን አድርገው፣ እነዛ ልብን እንደሚጎዱ ያለው ማስረጃ ከፕላስቲኩ እጅግ የጠነከረ ነው።

ምርመራውን በተመለከተ ደምህ ውስጥ ያለውን ማይክሮፕላስቲክ እንለካልሃለን የሚሉ አሉ፣ ገንዘብህን አታውጣ። ለሊድ 3.5 የምትባል ቁጥር ስላለች ነው ውጤቱን ይዘህ ሃኪም ጋር የምትሄደው። ለፕላስቲክ እንደዛ የምትባል ቁጥር የለችም፣ ወረቀቱ ላይ 40 ቢልህ 4 ቢልህ ሃኪምህም እኔም የምንልህ ነገር አይኖረንም፣ ግማሹ ደግሞ ደምህ ከተቀዳበት ሲሪንጅ የመጣ ይሆናል።